እንግዳ የማይታማበት ቤት

ወደ መቐለ የሄድኩት ሰዎችን ማየት ላስተምር ነው። አትሳቁ፤ ሥራዬ ነው። አዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈጠራ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስላላዩት ባሕርና ስላልረገጡት ፓሪስ ሲጽፉ «ተዉት እሱን! ጓዳችሁን ጻፉ፣ ጎረቤታችሁን ጻፉ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ የተሰዳደቡትን ሰዎች ጻፉ» እያልኩ ስጮህ እውላለሁ። ይህን ጩኸቴን የሰማ አንድ ድርጅት «መቐለ ሄደህ አንድ ሳምንት ጩህልን» አለኝ። ከተመለስኩ ሰንብቻለሁ። የሆነውን ለመጻፍ ድፍረቱ የመጣልኝ ግን ገና አሁን ነው።

ቅዳሜ

ድርጅቱ ቃል የገባልኝ አውሮፕላን ነበር። በዋዜማው ስልክ ተደወለና አውሮፕላኑ አውቶቡስ ሆነ። «ለጸሐፊ እኮ መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው፣ መምህር» አለኝ ደዋዩ። የገዛ ስብከቴን መልሶ ሲሸጥልኝ ምን እላለሁ? ዝም ብዬ ተሳፈርኩ።

አውቶቡሱ የሚሄደው በአፋር በኩል ነው። አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ ሰውን እንደ ሻማ ማቅለጥ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት የመቐለ ሴት ከዘንቢላቸው ሕምባሻ አወጡ፤ ድፎ ዳቦን የሚያስንቅ ወፍራም ቂጣ ነው። ገመሱና ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ደግመው ሕምባሻ ሰጡኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው የሚሰጠኝ ክርን ብቻ ነው። እኔም በልቼ እንቅልፌን ለጠጥኩ። የሴትየዋን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።

ሎግያ አደርን። የማደሪያው ባለቤት አልጋዬን ግቢው መሃል አውጥቶ ዘረጋልኝና «ክፍል ውስጥ ብትተኛ ጠዋት ሬሳህን ነው የምናወጣው» አለኝ። ደግ ሰው ነው።

እሑድ

ከአብአላ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ነፋሱ ተለወጠ፤ የተሳፋሪውም ወሬ በአንድ ጊዜ ወደ ትግርኛ ዞረ። መቐለ ስንደርስ ፍረወይኒ የምትባል ወጣት መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ለሥልጠናው ከተመዘገቡት አንዷም ናት። ሓወልቲ አካባቢ ወደ ተያዘልኝ ሆቴል ወሰደችኝ። እዚያ ሠርግ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ክፍሌን ለሙሽራው አጎቶች እንደሰጠብኝ ሲነግረኝ ቅንጣት አላፈረም፤ እንዲያውም «ግባና ብላ» አለኝ።

ፍረወይኒ በባጃጅ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፣ ወደ ቃላሚኖ። እናቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። «እንቋዕ ደሓን መጻእካ! እንኳን ደህና መጣህ፣ ወደይ፣ ልጄ» ብለው ትከሻዬን እየሳሙ አስገቡኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ የመንገዱን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ፣ ሚስቴን በሌለችበት አስር ጊዜ ሰላም አሉ። ሠፈሬ አዲስ አበባ ሰላምታ ማለት ስልክ እያዩ ራስን መነቅነቅ ነው። ለምን እንደመጣሁና ስንት ቀን እንደምቀመጥ ግን አልጠየቁኝም። ዝግኒ የሚሉትን ቀይ የሥጋ ወጥ በልቼ፣ ጠግቤ፣ እጄን ታጥቤ ስጨርስ ነው «በል እስቲ፣ ምን እግር ጣለህ?» ያሉኝ።

ሰኞ

አዳራሹ ሓወልቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አለ፤ አይሠራም እንጂ። ሠልጣኞቹ አስተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጡ የስፌት ሠራተኞች ናቸው። ክብሮም የሚባል ወጣት ተነስቶ ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ ዳር ስለተለያዩ ሁለት ፍቅረኞች አነበበልን።

«ሴንን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አላየሁትም። ግን መምህር፣ የእኛን ኢላላ ወንዝ ማን ያነባል?»

ስብከቴን ጀመርኩ። ጓዳ፣ ጎረቤት፣ ታክሲ። ዓይን ይኑራችሁ! ጸሐፊ ማለት ሌላው ሳያይ ያለፈውን የሚያይ ነው! ብቻ ያላልኩት የለም። ድርጅቱ ደግሞ «እንባ ያለበት ጽሑፍ ይብዛ፤ የምናሳትመው መድበል ላይ ያምራል» ብሎ አደራ ስላለኝ፣ ከባዱን ዘመን መጻፍ የሚፈልግ ካለ ብዬ ጠየቅኩ። ፍረወይኒ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ እንድናለቅስለት ነው የሚፈልገው። ያለቀስነውን እኛ እናውቀዋለን። እኔ የሚያስቀኝን ብጽፍስ?»

«ጻፊያ! ማንን ፈርተሽ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ማታ ጥሕሎ ቀረበልን። የተቆላ የገብስ ዱቄት ተለውሶ በትንንሹ ይድቦለቦላል፤ እሱን ሁለት ጣት ባለው እንጨት ወግቶ፣ መሃል ያለው ቀይ ወጥ ውስጥ አጥቅሶ መጉረስ ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የእኔ ድብልብል ሁሉ ወጡ ውስጥ እየወደቀ ሰመጠ። አንዱን ላድን ስል ወጡ ሸሚዜ ላይ ፈነጠቀ። ወይዘሮ ለተብርሃን ምንም እንዳላዩ ሆነው የሰመጡትን በማንኪያ እያወጡ ያጎርሱኝ ነበር። ፍረወይኒ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ውሃ ልታመጣ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

የዕለቱ ትምህርት «ስም ቀይሩ እንጂ ሰው አትቀይሩ» የሚል ነው። የምታውቁትን ሰው ስትጽፉ ጠባዩን አታሳምሩለት አልኳቸው። ክብሮም ሳይቀር ጻፈው። በራሴ ንግግር በጣም ረካሁ።

ወይዘሮ ለተብርሃንን «ዛሬ አይድከሙ፣ ሽሮ ይበቃኛል፤ ሽሮ ነፍሴ ናት» ብያቸው ነበርና ማታ ሽሮ ቀረበ። ጨው በዝቶበታል። በጣም በዝቶበታል። ግን በሰው ቤት ምን ይባላል? እየዋጥኩ ውሃ ጠጣሁ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበርና «ምነው?» ብላቸው «ሽንኩርት ነው» አሉኝ። እኔም የሽንኩርት ነገር ከተነሳ አይቀር ብዬ አዲስ አበባ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደደ ስተርክላቸው አመሸሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ወይዘሮ ለተብርሃን ጥቁር ለብሰው «ልቅሶ ልደርስ ነው» አሉኝ። ማን እንደሞተ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀድሞ የወጣው «ታዲያ ምሳስ?» የሚል ሆነ። «እህቴ መጥታ ታበላሃለች» ብለውኝ ወጡ።

እኩለ ቀን ላይ አዳራሹን ለስብሰባ ስለፈለጉት ቶሎ ተለቀቅን። ፍረወይኒ ወደ መድኃኒት ቤቷ ሄደች፣ እኔ ብቻዬን ባጃጅ ያዝኩ። የዚያ ሠፈር ቤት ሁሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግንቡ ያው የመቐለ ድንጋይ፣ በሩ ያው አረንጓዴ ብረት። አንኳኳሁ። ጎልማሳ ሴት ከፈቱልኝ። እህታቸው ናቸው ብዬ «ደከምዎት እኮ ለእኔ ብለው» አልኩ። «ኧረ ግባ፣ ግባ» አሉኝ። እጄን አስታጠቡኝ፤ ረቡዕ ነውና ሽሮ ቀረበ። ጣፈጠኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

«ይሄ ነው ሽሮ! የትናንቱ ጨው በዝቶበት አቃጠለኝ እኮ። ለወይዘሮ ለተብርሃን ግን እንዳይነግሩብኝ።»

ሴትየዋ አንድ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። «ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አሉና ጨመሩልኝ።

በልቼ ስጨርስ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ተነሳሁ። የክፍሌን በር ከፈትኩ። አልጋው ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተኝተዋል። ቀና ብለው አዩኝ። አልጮኹም፣ ማን ነህ አላሉኝም፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የጎረቤት ቤት ነው! ሴትየዋ ኣደይ ጽጌ ይባላሉ፣ እናታችን ጽጌ እንደማለት ነው፤ ሽማግሌው ባለቤታቸው ናቸው። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው ተገረሙብኝ። «በር አንኳኩቶ የገባን ሰው ሳይበላ ማን ነህ ይባላል እንዴ?» አሉኝ። እየመሩ ወደሚቀጥለው በር ወሰዱኝ። እዚያ እውነተኛዋ እህት ሌላ ሽሮ ይዘው ሲጠብቁኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለተኛውን ምሳ በላሁ።

ማታ ስለዚህ ነገር ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። አልተሰማም ማለት ነው ብዬ እፎይ አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ስወጣ የቤቱ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ባንዲራ የሚያክል፣ ከመንገዱ ማዶ የሚታይ።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለበዓል ነው» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

«የምን በዓል?»

«የእኛ ሠፈር።»

አመንኩ። እንዲያውም አዳራሹ ውስጥ «ዛሬ ጠዋት አንድ ቤት በር ላይ ለሠፈር በዓል የታሰረ ቀይ ጨርቅ አየሁ፤ ለማየት የሚተጋ ዓይን ካለን ታሪክ በየበሩ ላይ አለ» ብዬ አስተማርኩ። ክብሮም ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ሌሎቹም ተጋባ።

አርብ ከሰዓት መዝጊያ ነው፤ ቤተሰብ ይጠራል፣ ሁሉም አንዳንድ ጽሑፍ ያነባል፣ የተነበበው መድበሉ ውስጥ ይገባል። ያልተነበበ አይገባም። ፍረወይኒ የጻፈችውን ሰጠችኝ። «በሕይወቴ ጨርሼ የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው» አለች። አነበብኩት። ስለ አንድ እንግዳ ነው። ሰውን ማየት ሊያስተምር ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጥሕሎ ወጥ ውስጥ የሚያሰምጥ፣ የሰው ቤት ገብቶ ምሳውን ጨርሶ፣ የሰው አልጋ ላይ ሊተኛ ሲል ብቻ የሚነቃ። ጎረቤቱ እንዳይጠፋ አዝኖለት በሩ ላይ ምልክት ሲያስርለት «የምን በዓል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ።

ደሜ ፈላ። የሚያናድደው ደግሞ ጥሩ መሆኑ ነው፤ አንድ የምሰርዘው ቃል አጣሁ።

«ግሩም ነው» አልኩ። «ብቻ… እንግዳውን ለምን የጅቡቲ ነጋዴ አታደርጊውም?»

«ስም ቀይሩ እንጂ ሰው አትቀይሩ ብለውናል» አለች።

ያዳኑኝ እናቷ ናቸው። ማታ ስትነግራቸው «ወይለይ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «የቤቴን እንግዳ በአደባባይ? ሻንጣው ቤቴ እስካለ እንግዳዬ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አይታማም። ይህን አንብበሽ በዚህ በር እንዳትገቢ!» ፍረወይኒ ወደ እኔ ዞረች። አስተማሪዋ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ይበቃል። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማየት ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አርብ

ቁርስ ላይ ፍረወይኒ ዓይኗ አብጦ መጣች። በሌላ ጽሑፍ ተክቼዋለሁ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። «የመቐለ ጀምበር ስትጠልቅ እንደ ወርቅ ቀለጠች፤ ልቤም አብሯት ቀለጠ…» ይላል። እስከ መጨረሻው ሁሉም ነገር ይቀልጣል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ዕድሜዬን ሙሉ ሳሳድድ ኖሬ፣ አሁን በእኔ ፍርሃት ተወልዶ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። ይህችን ልጅ ጓዳሽን ጻፊ ብዬ፣ ጓዳው ውስጥ እኔ ስገኝ ጊዜ በሩን የዘጋሁባት እኔው ነኝ።

ተነስቼ ሻንጣዬን አሰርኩ።

«ምን ሆነህ?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

«መሄዴ ነው እናቴ። አክብረው አስተናገዱኝ፤ እግዜር ያክብርልኝ።»

«አውቶቡስህ ነገ አይደል? ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም። ሻንጣዬ ግን ከዚህ ቤት መውጣት አለበት።»

ነገሩ ገባቸው። እስከ በር ሸኙኝ፤ ቀዩ ጨርቅ ሥር ቆመው መረቁኝ። ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ሦስት ፎቅ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ፍረወይኒ ስትገባ አየችው።

«የማንም እንግዳ አይደለሁም» አልኳት። «አንብቢ።»

ቤተሰብ መጣ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው ከኣደይ ጽጌ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍረወይኒ ተራዋ ሲደርስ እናቷን አየች፣ ሻንጣዬን አየች፣ አነበበች። ጥሕሎው ላይ ስትደርስ ሳቅ ተጀመረ። ምሳው ላይ ወንበር ተንቋቋ። አልጋው ላይ የኣደይ ጽጌ ባለቤት ከኋላ «እውነት ነው! ጠጋ ብዬለት ነበር!» ብለው ጮኹ። ቀዩ ጨርቅ ላይ ክብሮም እንባውን ጠረገ። ድርጅቱ የፈለገው እንባ ይህ ከሆነ አላውቅም። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ይሳቅ እንጂ ጆሮዬ በእፍረት ይቃጠል ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወይዘሮ ለተብርሃን ተነሱ።

«ልጄ ዋናውን ትታዋለች» አሉ። «ለእኔ አዝና ነው የተወችው። ይሄ ሰውዬ ጽጌ ቤት ምሳ ሲበላ የለተብርሃን ሽሮ ጨው በዝቶበት አቃጠለኝ ብሏል። እሱ ከበሯ ወጥቷልና ከልቅሶ ስመለስ ጽጌ ነገረችኝ።»

ኣደይ ጽጌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቁ ሊነሳ ሲል ወይዘሮ ለተብርሃን እጃቸውን አነሱ።

«ደግሞ ልክ ነው፤ በዝቶበት ነበር። ማክሰኞ ማታ ሽሮውን እያማሰልኩ አብራኝ ስታስተምር የኖረችው ጓደኛዬ ሞተች ብለው ደወሉልኝ። ጨው ጨመርኩ፤ መጨመሬን ረሳሁና ደግሜ ጨመርኩ። እንግዳ ፊት አይለቀስም፣ ሽንኩርት ነው አልኩት። እሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራኝ። ጨዉን አየው። እኔን ግን አላየኝም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከተጻፈ አይቀር እሱም ይጻፍ።»

ተቀመጡ። አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ያን ሁሉ ቀን ቆሜ ያስተማርኩበት ቦታ ላይ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ። ፍረወይኒ ወረቀቷን ገልብጣ መጻፍ ጀመረች።

ሰው ሲበተን ወይዘሮ ለተብርሃን ደረጃው ላይ ደረሱብኝ። «ሻንጣህን አንሳ፤ የት ልታድር ነው? ባጃጅ ቆሟል» አሉኝ። ሆቴል አለ ልላቸው ሞከርኩ። «ሠርግ አለበት» አሉ። አርብ ቀን ምን ሠርግ አለ? ግን አልተከራከርኩም።

ሻንጣዬ ቤታቸው ሲገባ እንደገና እንግዳ ሆንኩና የእኔ ወሬ ሁሉ ተዘጋ። አንድ ቃል የተናገረኝ የለም። ራት ሽሮ ነበር። ፍረወይኒ አቀርቅራ ትበላለች። ቀመስኩ። ስለ ሽሮው ምንም አላልኩም።

«ጓደኛዎ ማን ይባሉ ነበር?» አልኳቸው።

ወይዘሮ ለተብርሃን እጃቸው መሶቡ ላይ ቆመ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«መጀመሪያ ብላ» አሉኝና ሌላ ጭልፋ ጨመሩልኝ።

በላሁ። ጨርሼ እጄን ስታጠብ ቀና አሉ።

«ዛይድ ነው ስሟ» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።